ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

አዎ፣ ትምህርት ቤት ሽማግሌ የላክሁት ሴትዮ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ? ወሬው ከሰፈራችን ከፍሌሚንግተን ተነስቶ ከተማው ዳር ታርኔት እስኪደርስ ሽማግሌዎቹ ሰባት ሆነዋል፣ ዳይሬክተሯን አስለቅሰዋል፣ እኔም ደጃፏ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዳይሬክተሯ አላለቀሰችም፤ እኔም ያለቀስኩት ሌላ ቀን ነው። ተንበረከከች ላላችሁኝ ደግሞ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ እንደማይታጠፍ የሥራ ባልደረቦቼ ይመሰክሩልኛል። ስለዚህ ነገሩን ከራሴ አፍ ስሙት።

እኔና ልጄ ብሌን የምንኖረው ፍሌሚንግተን፣ ሬስኮርስ ሮድ አጠገብ ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን። ወደዚህ አገር ስመጣ የያዝኩት አንድ ሻንጣና አንድ ሕፃን ነበር፤ ሻንጣው ተቀዶ ከተጣለ ዓመታት አልፈዋል። ማሪቢርኖንግ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የጠዋት ሺፍት እሠራለሁ። ብሌን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ በዚህ ሁኔታ ተግባብተን እንኖራለን። እዚህ የምትናገረውን ለእናንተ ስል ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አማርኛዋ እንዴት አማረ ብላችሁ እንዳታደንቋት።

ይህች ልጅ ስልክ እጇ ከገባ ጀምሮ የማትቀርጸው ነገር የለም። ሊፍቱን ትቀርጻለች። ሊፍቱ ሲበላሽ ደረጃውን ትቀርጻለች። እኔ ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስዘፈዝፍ ትቀርጻለች። «አጥፊው!» ስላት «እማ፣ ብርሃኑ እኮ ቆንጆ ነው» ትለኛለች። ያበጠ እግር ላይ ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚታያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። የቀረጸችውን ሁሉ ደግሞ ቁጭ ብላ ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ገጽ ሙሉ ትጽፋለች። ደብተሮቿ ከአልጋዋ ሥር ተርፈው ወደ እኔ አልጋ ሥር ተሻግረዋል።

ባለፈው ዓመት የሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፊልም የተመዘገቡት አራት ተማሪዎች ብቻ ስለሆኑ ትምህርቱ አይከፈትም አለ። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ብሌን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ደርድራ ጠበቀችኝ። ሦስቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሦስቱም ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ሦስቱም ፊልምና እንግሊዝኛ አላቸው። ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ይህን አድርጊልኝ ብላኝ አታውቅም። ጫማ እንደጠበባት እንኳ የማውቀው ስታነክስ አይቼ ነው። እናም ፈራሁ። ያለ እሷ ያ ቤት ምን ሊመስል እንደሚችል አሰብኩ። «እናያለን» አልኳት፤ በእኛ ቤት እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

እንዲህ እንዳለሁ ጋሼ ተሰማ ሰሙ። ጋሼ ተሰማ ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ችሎት የሚያስችሉት ሊፍቱ ውስጥ ነው። ማንም ከእሳቸው ጋር ከዘጠነኛ ወደ ምድር የወረደ ሰው ሳይፈረድበት ወይም ሳይፈረድለት አይወጣም።

«ሰማሁ» አሉኝ በሩ ሳይዘጋ።

«ምን ሰሙ ጋሼ?»

«ልጅቷን ለፈረንጅ ልትሰጪያት ነው አሉ።»

«ለትምህርት ነው እንጂ ለፈረንጅ አይደለም።»

«ምን ልትማር?»

«ፊልምና እንግሊዝኛ።»

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ዝም አሉ። አራተኛ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ ላይ ፍርዱ ወጣ። «እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች። ፊልሙ የሥራ ፈት ነው። ፋርማሲ አስገቢያት።»

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እትዬ ዘነበች ያዙኝ። እትዬ ዘነበች ልባቸው ደግ፣ ጆሯቸው ሰፊ የሆነ የማኅበራችን ሴት ናቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዳሪ የሚላከው እኮ ያስቸገረ ልጅ ነው። ምን አድርጋ ነው? ለእኔ ንገሪኝ» አሉኝ።

እልህ ያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ቀን ግማሽ ልቤ አይሆንም ይል ነበር። ፋርማሲ የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ግን ሙሉ ልቤ ፊልም ሆነ። እኔ ራሴ ፊልም አይቼ የጨረስኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ሶፋው ላይ ሳልተኛ የሚያልቅ የለም። ቢሆንም ማንም ተነስቶ ልጄ ያየችውን ብርሃን የሥራ ፈት ነው ሊለኝ አይችልም። ሺፍቴን ቀየርኩና ትምህርት ቤቶቹን ለማየት ባቡር ተሳፈርን።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከደጁ ጀምሮ ሣር ነው። ያስጎበኘችን ሴትዮ ፈገግ እያለች «ብሌን ፈረሷን ይዛ ነው የምትመጣው?» ብላ ጠየቀች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም፤ ለተማሪ ፈረስ የተሠራ ጋጣ አላቸው። እኛ ፈረስ የምናውቀው ከቤታችን ማዶ ባለው የእሽቅድምድም ሜዳ፣ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ መስኮት ነው። ከሌሎቹ ወላጆች እንዳላንስ ብዬ «ለጊዜው ቤት ትተነዋል» አልኩ። ብሌን እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች።

በሁለተኛው ትምህርት ቤት የፊልም ክፍሉን አሳዩን። አንድ የተቆለፈ ቁምሳጥን ነው።

«ካሜራዎቹስ?» አልኩ።

«ቁምሳጥኑ ውስጥ።»

«ቁልፉስ?»

«መምህሩ ጋ።»

«መምህሩስ?»

«ለቋል።»

በዚያው ወደ ጣቢያችን ተመለስን።

ሦስተኛው ከከተማ ሁለት ሰዓት የሚርቅ፣ አንድ ዋና መንገድ ብቻ ያላት ከተማ ውስጥ ነው። የፊልም መምህሯ ሽበታም ሴትዮ ናት። ብሌንን ምንም አልጠየቀቻትም፤ ካሜራ አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላትና «ሂጂ» አለቻት። ልጄ ለአንድ ሰዓት ጠፋች። እኔ በዚያ ሰዓት መኝታ ቤቱን መረመርኩ። ፍራሹን ተጫንኩት፤ ብርድ ልብሱን አሸተትኩት፤ የመታጠቢያ ቤቱን መቆለፊያ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እንከን ፈልጌ አጣሁ፤ በዚህም ትንሽ ተናደድኩ። ብሌን ስትመለስ ጉልበቷ ላይ ጭቃ፣ ፀጉሯ ላይ ሣር ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ። እዚያው አፕላይ አደረግን። ለፊልምና ለእንግሊዝኛ ተማሪ የቀረው የስኮላርሺፕ ቦታ አንድ ነው፤ ከዳይሬክተሯ ጋር ኢንተርቪው ይኖራል ተባልን።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው። ልጄን አዘጋጀኋት፤ ልክ እናቴ እኔን እንዳዘጋጀችኝ። «ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ። ዓይን ዓይናቸውን አትዪ። ሳትጠየቂ አትናገሪ፤ ስትጠየቂም አትቸኩዪ።» ብሌን የነገርኳትን ሁሉ ረስታ ታድራለች፤ ያን ቀን ግን አንድም ሳታጎድል አደረገችው።

«ብሌን፣ ፊልም ለምን መረጥሽ?» አለች ዳይሬክተሯ።

ልጄ አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታያለች። ዝምታው ረዘመ። እኔ ዝምታ አልችልም።

«በሒሳብ በጣም ጎበዝ ናት» አልኩ።

«ምን ዓይነት ፊልም ትወጃለሽ?»

«ጨዋ ፊልም» አልኩ።

«ከቤት መራቅ ያስፈራሻል?»

«በጭራሽ!» አልኩ፣ እኔው እየፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ? ሥዕል ትችላለች፣ ጥርሷ ተበልቶ አያውቅም፣ ሁለት ዓመቷ ሳለ ፊደል ትቆጥር ነበር እያልኩ ስዘረዝር ሃያ ደቂቃው አለቀ። ጨዋ ልጅ አሳየሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ብሌን በባቡሩ መስኮት ውጭ ውጭውን እያየች ተመለሰች።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ብሌን አነበበችልኝ። ፍላጎቱ የእናትየው ይሁን የልጅቷ ማወቅ ስላልቻልን በዌይቲንግ ሊስት ላይ አድርገናታል ይላል። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና «ባንቺ አይደለም እማ» አለችኝ። በማን እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳችም። ረቡዕ ሊፍቱ ተበላሸ፤ አልቀረጸችውም። ሐሙስ እግሬን ሆን ብዬ መስኮቱ አጠገብ ዘፈዘፍኩት፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አንጀቴን በላችው።

«ኢሜይል ጻፊላቸው» አለችኝ የሥራ ጓደኛዬ። ኢሜይል ምን ያደርጋል? ሽበት የለው፣ ከዘራ የለው። እኛ ዘንድ ሰው በምላሱ አጥፍቶ ነገሩ ሲበላሽበት፣ ያንኑ ምላሱን ይዞ ተመልሶ አይሄድም። ሽማግሌ ይልካል።

ቀጥታ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወረድኩ። ጋሼ ተሰማን የመረጥኩት ስለተቃወሙኝ ነው። ሽማግሌ ይሁኑልኝ ተብለው እምቢ የሚሉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

«እኔ እኮ ነገሩን አልደግፍም» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ዳኛ ሳሉ የሚደግፉትን ብቻ ነበር እንዴ የሚያዩት?»

ጥቂት አሰቡና «ኮቴን ከካውያ ቤት አምጪልኝ» አሉ።

እትዬ ዘነበች ሳልጠራቸው መጡ፤ ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋግረው። ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። እትዬ ዘነበች ግን «ዳቦውን ማን ሊይዘው ነው?» ብለው አፉን አዘጉት። ሦስተኛው ኢንጂነር ዳዊት ነው፤ ታርኔት የሚኖር፣ ከአገር ቤት ከመጣ አራት ዓመት ያልሞላው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልዘለለ ልጅ። ሽማግሌ የሆነው ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ስላለው ነው። እንግሊዝኛውንም እሱ ሊያስተረጉም ተስማማን። እኔ የዳይሬክተሯን ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ፤ ማን እንደሚመጣ ግን አልገለጽኩም። ብሌን አልሄድም፣ ታሳፍሩኛላችሁ ብላ አልቅሳ ነበር። ጋሼ ተሰማ ክራቫት አስረው መኪናው ውስጥ ሲጠብቋት ስታይ ግን እሳቸውን አፍራ ወረደች።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ የኢንጂነር ዳዊት ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው። «ሁለት ደቂቃ» ብሎ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ሁለቱ ደቂቃ ነገሩ እስኪያልቅ አላለቀም። ቀጠሮው ደርሷል፤ አስተርጓሚ የለም። ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን ወደ ብሌን ቀሰሩ። «አንቺ ነይ ግቢ» አሏት። እኔ አጥፊዋ ስለሆንኩ ከበሩ አላለፍኩም። እዚያው ቆሜ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ስል።

ዳይሬክተሯ ተነስታ «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች። አልተቀመጡም። ሁለተኛ ጋበዘች። ቆሙ። ወንበሮቹ ያልተመቿቸው መስሏት ጸሐፊዋን ጠርታ ከጎረቤት ቢሮ ባለ መደገፊያ ወንበር አስመጣች። ቆሙ። ትራስ መጣ፤ ሻይ መጣ፤ ውሃ መጣ። ጋሼ ተሰማ አመሰገኑ፤ አልቀመሱም። እትዬ ዘነበች ያን የሚያህል ዳቦ እንደታቀፉ ናቸው። ዳይሬክተሯ ያላቀረበችው ጠረጴዛውን ብቻ ነው። ግራ ሲገባት እሷም ቆማ ቀረች።

«እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው» ብለው ጋሼ ተሰማ ጀመሩ። ብሌን ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ታስተረጉማለች። «ይህች ልጅ ያን ዕለት ዝም ያለችው ትምህርቱን ስላልፈለገች አይደለም። በእኛ ዘንድ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይለፈልፍም። የተናገረችው እናቷ ናት። እናቷ ዝም ማለት አትችልም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ብሌን ሳትንቀጠቀጥ ነው ያስተረጎመቻት።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! ጋሼ ተሰማ ግን ዳኛ ናቸው፤ እውነት ሳይናገሩ አይውሉም። «እኔ ለራሴ ፊልም የሚባለውን አልወድም» ብለው ቀጠሉ። «የሥራ ፈት ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ብትማር ይሻል ነበር።»

ብሌን ማስተርጎሟን አቆመች። ዳይሬክተሯ «ምን አሉ?» አለች። ልጄ እኔን አየችኝ፤ እኔ ነጠላዬን ነከስኩ። አንድ ቃል ሳታስቀር አስተረጎመችው። ከዚያ ወደ ጋሼ ተሰማ ዞረችና ዓይን ዓይናቸውን እያየች «ተሳስተዋል» አለቻቸው በእንግሊዝኛ፤ ጋሼ መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አያቅታቸውም። ያስተማርኳት ሁሉ በዚያች አንድ ቃል ገደል ገባ።

«እርስዎ ሊፍቱ ውስጥ በየቀኑ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ?» አለች። «እኔ አውቃለሁ።» ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በመጽሐፍ አስደግፋ አቆመችው።

አራት ደቂቃ ነው። የሊፍቱ በር ይከፈታል፤ ጋሼ ተሰማ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ሶማሌዋ ጎረቤታችን ከነልጆቿ ትገባለች፤ በአማርኛ ጤናዋን ይጠይቋታል፤ በሶማልኛ ትመልሳለች። ቬትናማዊው ሽማግሌ ይገባሉ፤ እጅ ይነሳሳሉ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ይገባል፤ ማዳመጫውን አውልቆ ይጨብጣቸዋል። ሁሉም ምድር ሲደርስ ይወጣል። ጋሼ ተሰማ አይወጡም። በሩ ይዘጋል፣ ወደ ላይ ይመለሳሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ሌላ ሰው ይገባል። እንደገና ይወርዳሉ። እንደገና አይወጡም። መጨረሻ ላይ ማንም የለም፤ ብቻቸውን ቆመው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ።

እኔ እኮ ስንት ዓመት አብሬያቸው ወርጃለሁ። ለካ መውጫ ጉዳይ የላቸውም ኖሯል። አፈርኩ።

«ይህን በእንግሊዝኛም ጽፌዋለሁ» አለች ብሌን። «ሰባት ገጽ። ግን እርስዎ አያነቡትም። ይህን ግን አሁን አዩት። ለዚህ ነው መማር የምፈልገው።» ዳይሬክተሯ ንግግሩ ለእሷ እንዳልሆነ ገብቷት ዓይኗን ከስልኩ ወደ ጋሼ ተሰማ መለሰች።

ጋሼ ተሰማ ዝም አሉ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ፎቅ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስተኛ። አራተኛ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እትዬ ዘነበች ደነገጡ። «እንዴ ጋሼ! እሺ ሳንባል?»

«የእኔ ተፈርዷል» አሉ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «የተረታሁት እኔ ነኝ። አንቺም ተቀመጪ።»

«ምን ሆኑ?» አለች ዳይሬክተሯ። ብሌን፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚቀመጠው ጉዳዩ ሲያልቅ ነው ብላ አስረዳቻት። ዳይሬክተሯ የቆመውን ስልክ አየች፣ ልጄን አየች፣ ከዚያ እሷም ተቀመጠች። ውሳኔው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችን፤ ሰባቱን ገጽ ግን እንድትልክላት ጠየቀቻት። እትዬ ዘነበች ዳቦውን አስረከቡ። ኢንጂነር ዳዊት ስልኩን ዘግቶ ሲገባ ሁላችንም እየበላን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቦታው የብሌን ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ጋሼ ተሰማ አሁን ሊፍቱ ውስጥ ለሚገባ ሁሉ «እኔ የሠራሁበት ፊልም» እያሉ ያወራሉ። ፋርማሲ የሚለውን ቃል ማን አንስቶት እንደነበር ብትጠይቋቸው አያስታውሱም።

የጥር መጨረሻ ላይ አደረስኳት። አልጋዋን አነጠፍኩ፣ ደብተሮቿን አልጋው ሥር ደረደርኩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መቆለፊያ አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩ። ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ስመው ሄዱ። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ «አረፍ ይበሉ፣ ሻይ ላምጣልዎት» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። እንደገና ጋበዘችኝ። ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ብሌን ትንሽ አየችኝና ኃላፊዋን አልፋ መጣች። ወንበሩን ከኋላዬ አስጠጋችው።

«እማዬ» አለችኝ፤ በአማርኛ። ይህን እኔ አላስተረጎምኩትም። «ተቀመጪ። በየሳምንቱ እመጣለሁ።»

ተቀመጥኩ። ሻዩንም ጠጣሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። አሁንም ልጅሽን ለምን ፊልም ታስተምሪያለሽ የሚለኝ ካለ አሥራ አራተኛ ፎቅ ይምጣ። ወንበር አለኝ፤ ግን እሺ እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነው የማነጋግረው።